ሃያ ብር፣ ጨው እና ተንሳፋፊ በረዶ

ዘጠነኛ ክፍል እያለን የፊዚክስ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ብርጭቆ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞልቷል። በረዶ ተንሳፍፎበታል፤ የበረዶው ጫፍ ከውሃው በላይ ብቅ ብሏል። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይፈስሳል ወይስ አይፈስስም? ግማሻችን «ይፈስሳል!» ብለን ጮህን። መምህሩ ፈገግ አሉና «አይፈስስም። አንዲት ጠብታ እንኳን» አሉን።

ያን ቀን ተደስቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ሰው ሁሉ «ይሆናል» የሚለውን ነገር «አይሆንም» ማለት መቻል ትልቅ እውቀት መስሎኝ ነበር። ለዓመታት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚያ ጥያቄ ሸውጃለሁ።

መልሱ የአርኪሜዲስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በሲራኩስ የኖረው ይህ ሰው እንዳስረዳው፣ የሚንሳፈፍ ነገር የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ይገፋል። አንድ ኪሎ በረዶ አንድ ኪሎ ውሃ ይገፋል። ሲቀልጥ ደግሞ አንድ ኪሎ ውሃ ይሆናል። የገፋውን ቦታ ራሱ መልሶ ይሞላዋል ማለት ነው። ትርፍ የለም፣ ጉድለትም የለም።

ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፦ በባህር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የባህሩ ከፍታ አይለወጥም። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ቀድሞውኑ ውሃው ውስጥ ያለ ነገር ምን ይጨምራል?

የረሳነው ነገር ጨው ነው።

አንድ ኪሎ የባህር ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። በዚህ የተነሳ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 1,000 ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሊትር የባህር ውሃ ግን ወደ 1,025 ግራም ይመዝናል። በሌላ አነጋገር፣ ጨው ያለው ውሃ ለተመሳሳይ ክብደት ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ተንሳፋፊው በረዶ ደግሞ ከሞላ ጎደል ጨው አልባ ነው። የባህር ውሃ ራሱ በረዶ ሲሆን አብዛኛውን ጨው ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ከየብስ ተንሸራቶ የሚመጣው በረዶ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንደገና እንስራው። አንድ ኪሎ በረዶ ባህር ላይ ሲንሳፈፍ አንድ ኪሎ የባህር ውሃ ይገፋል፤ ያ ውሃ የያዘው ቦታ 975 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ግን 1,000 ሚሊ ሊትር ጨው አልባ ውሃ ይሆናል። 25 ሚሊ ሊትር ተረፈ። የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ግን ተረፈ።

ማመን ካቃታችሁ ቤታችሁ ሞክሩት። በባህር ውሃ ልክ ካደረጋችሁት ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ጨው ከዚህ በላይ አልሟሟ እስኪል ድረስ ውሃው ውስጥ ጨምሩ። ብርጭቆውን ሰሃን ላይ አስቀምጡ፣ በረዶ ጣሉበት፣ ከዚያ ያንኑ ጨዋማ ውሃ እስከ አፉ ሙሉት። ሄዳችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ፤ በጨዋማ ውሃ ላይ በረዶው ቶሎ አይቀልጥም። ስትመለሱ ሰሃኑ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። እኔ ሳየው ትንሽ አፈርኩ። ስንቱን ሰው በዚያ ጥያቄ አሳስቼዋለሁ!

ጉዳዩ የበረዶ ብቻ አይደለም። ጨው ባነሰበት ቦታ የባህሩ ውሃ ይቀላል፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ከፍ ይላል። ፓናማ ላይ በአንዲት ጠባብ መሬት የተለያዩ ሁለት ውቅያኖሶች አሉ። በፓስፊክ በኩል ያለው ባህር በካሪቢያን በኩል ካለው በአማካይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የፓስፊኩ ውሃ ጨው ማነሱ ነው። ብዙ ወንዝ የሚገባበት የባልቲክ ባህርም በሰሜን ጫፉ ላይ ጨው ከበዛበት ከመግቢያው በኩል ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ካርታ ላይ አንድ ወጥ ሰማያዊ ሆኖ የምናየው ባህር ዳገትና ቁልቁለት አለው። ለዓይን የማይታይ ጨው ነው ያን ልዩነት ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። በመላው ዓለም ባህር ያለው ጠቅላላ ጨው በሰው ዕድሜ ይህን ያህል አይቀየርም። ስለዚህ ጨው አንዱ ጋ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ቢያደርግም የዓለምን አማካይ የባህር ከፍታ የሚያነሱት ዋነኞቹ ሁለት ነገሮች ሌላ ናቸው፦ ውሃው ሲሞቅ መለጠጡ እና ከየብስ ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ወደ ባህር መግባቱ። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባህሩ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለው በዋናነት በእነዚህ ምክንያት ነው። የተንሳፋፊው በረዶ ነገር ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ በምድር ላይ ያለው ተንሳፋፊ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ ባህሩ በ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የግሪንላንድ የየብስ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ ግን 7 ሜትር ያህል። ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ታዲያ 4 ሳንቲ ሜትር ምን ያስጨንቃል? በዓመት ሲሰላማ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አያልፍም። በደፈናው «ምንም አይለውጥም» ቢባል ማን ይጎዳል?

እኔን ያስጨነቀኝ ቁጥሩ አልነበረም። «ምንም አይለውጥም» የሚለው አባባል ነው። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ተጠቅሜበት ነበርና።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አብሮኝ ዶርም የኖረ ልጅ ኩላሊቱ ታመመ። ከተመረቅን በኋላ ባሰበት። ውጭ አገር ሄዶ ንቅለ ተከላ ካልተደረገለት ተስፋ እንደሌለው ተነገረን። አንዷ የባቻችን ልጅ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችና ሁላችንንም አስገባችን። የሚፈለገውን ገንዘብ ሳየው ደነገጥኩ። እኔ ያኔ ሥራ አልነበረኝም፤ አካውንቴ ውስጥ ያለው ገንዘብ ትዝ ይለኛል፣ ሦስት መቶ ምናምን ብር ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አሰብኩ፦ ሁለት መቶ ብር ብልክ ምን ይለውጣል? ይሄን ሁሉ ገንዘብ የሚሞላው ባለሀብት ነው እንጂ የእኔ ሁለት መቶ ብር አይደለም። ሥራ ስይዝ ደህና አድርጌ እሰጣለሁ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

በአምስተኛው ወር ሞተ። ከሚፈለገው ገንዘብ ሲሶው እንኳን አልሞላም ነበር።

እስቲ ሂሳቡን በቀዝቃዛ ልብ እንየው። የእኔ ሁለት መቶ ብር ያድነው ነበር? አያድነውም። ጠጋ ያደርገው ነበር? በአንድ ቀን እንኳን አይመስለኝም። እንግዲያው በዚያ ታክሲ ውስጥ ያሰብኩት ልክ ነበር ማለት ነው። ልክ ከሆነ ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ?

ይሄን ጥያቄ ፈላስፎች በደንብ ተከራክረውበታል። አሜሪካዊው ዋልተር ሲኖት-አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሰው እሁድ ከሰዓት ነዳጅ በሚበላ መኪና ለመዝናናት ብቻ ቢነዳ ጥፋት ሠራ ማለት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። የሱ መልስ ባጭሩ፦ የዚያ አንድ ሰው ጭስ ለብቻው ማንንም አይጎዳም፤ የአየር ንብረቱን ማስተካከል ግዴታው የመንግሥታት ነው። ጠንካራ ክርክር ነው። እኔም በታክሲው ውስጥ ሳላውቀው የሱ ተማሪ ነበርኩ።

እንግሊዛዊው ዴሬክ ፓርፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መጽሐፉ ሌላ ምሳሌ አምጥቶ ነበር። በረሃ ላይ ብዙ ቁስለኞች በውሃ ጥም እየተቃጠሉ ነው እንበል። እነሱን የሚያክል ቁጥር ያላቸው ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይዘዋል። ሁሉም ውሃቸውን አንድ ጋሪ ላይ ይገለብጡና ለቁስለኞቹ እኩል ይከፋፈላል። የእኔ ድርሻ ለእያንዳንዱ ቁስለኛ ሲደርስ አንዲት ጠብታ እንኳን አይሆንም። እኔ ባልጨምር የማንም ሰው ጥም ሲብስ አይሰማውም። ግን ሁላችንም እንደዚያ ብናስብ ጋሪው ባዶውን ይሄዳል። የፓርፊት ሐሳብ ይሄ ነው፦ አንድ ድርጊት ለብቻው ሲታይ የሚሰማ ልዩነት ባያመጣም፣ አብሮት ከሚደረገው ጋር ተደምሮ ስለሚያመጣው ነገር ሊወቀስም ሊመሰገንም ይችላል።

እኛ አገር ይሄ ነገር መጽሐፍ አላስፈለገውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ አልቋል። ማንም «የእኔ አንዲት ሎሚ ምን ታቀላለች» ብሎ ሲከራከር አልሰማሁም። ዕድርም የሚኖረው በዚሁ ነው። በየወሩ የምትከፈለው ገንዘብ ለብቻዋ ድንኳን አታስተክልም፣ ሬሳም አታስቀብርም። ግን አልከፈልኩም ያለ ሰው «ሂሳቡን አስልቼው ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

ይህም ሆኖ የሎሚዋ ተረት አንድ ነገር ይጎድላታል። ሎሚ ሲደመር ሸክም ይሞላል፤ የእኛ ገንዘብ ግን አልሞላም። ያልሞላ መዋጮ ውስጥ የእኔ ሁለት መቶ ብር ትርጉሙ ምን ነበር? ይህን የመለሰልኝ እንደገና በረዶ ነው፤ ከበረዶ በፊት ግን እናቱ ናቸው።

በሰልስቱ ቀን ለቅሶ ቤት ሄድን። እናቱ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዘው ነበር። የሰጠውን ሰው ስም ሁሉ ጽፈውበታል፤ ከስሙ ጎን ገንዘቡ አለ። አሥር ሺህም አለ፣ አምስት መቶም አለ፣ ሃያ ብርም አለ። «ማታ ማታ ይሄን ነበር የማነብለት» አሉን። «እገሌ ሃያ ብር ስለው፣ ‹እማ፣ እሱ እኮ ራሱ የሚበላው የለውም› ይለኛል፣ ይስቃል። ያኔ ነበር ትንሽ ምግብ የሚቀምስልኝ።» ከዚያ ሁላችንንም ዞር ብለው አዩንና «እናንተም ደክማችኋል ልጆቼ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሆኜ «አሜን» አልኩ። ስሜ ደብተሩ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ።

ይሄን ከዓመታት በኋላ ያስታወሰኝ ስለ አንታርክቲካ ያነበብኩት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ላርሰን ቢ የሚባለው፣ ከየብሱ ተያይዞ በባህር ላይ የተንሳፈፈ ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተሰባበረ። ስፋቱ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ስድስት አዲስ አበባ ማለት ነው። በአርኪሜዲስ ሂሳብ ምንም አልተፈጠረም፤ ተንሳፋፊ ነው፣ ቀድሞም ውሃው ውስጥ ነው። ጨውን ብንጨምርበት እንኳን ለባህሩ የጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ከጀርባው የየብስ በረዶ ነበረ። ያ ተንሳፋፊ ንጣፍ ለነሱ እንደ በር መወርወሪያ ነበር፤ ደግፎ ይዟቸው ነበር። እሱ ሲሄድ ከኋላው ያሉት የበረዶ ግግሮች ወደ ባህር የሚንሸራተቱበት ፍጥነት በበርካታ እጥፍ ጨመረ። እነዚያ ደግሞ ተንሳፋፊ አይደሉም። ከየብስ ስለሚመጡ የባህሩን ከፍታ በቀጥታ ያነሳሉ።

ለካ ያ በረዶ ሲጠየቅ የነበረው የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። «ስትቀልጥ ምን ያህል ውሃ ትጨምራለህ?» እያልነው ነበር። «ምንን ደግፈህ ይዘሃል?» አላልነውም።

የደብተሩ ነገርም እንደዚያው ነው። ሃያ ብሩ የሕክምናውን ወጪ አልሞላም። ግን አንድ ልጅ ማታ ላይ ትንሽ እንዲስቅ፣ አንዲት እናት «ሰው አልረሳንም» እንዲሉ አድርጓል። እኔ በታክሲው ውስጥ ገንዘቡን ብቻ ነበር ያሰላሁት። ግሩፑ ውስጥ ዝም ማለቴን የሚያዩ ሌሎች እንዳሉም አላሰብኩም። አንድ ሰው ዝም ሲል ሌላው «እንዴ፣ ማንም እየላከ አይደለም» ይላል። የእኔ ዝምታ ስንት ሰው ዝም እንዳሰኘ አላውቅም። ዜሮ ነው ብዬ ግን አልምልም።

እዚህ ጋ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሁሉም ትንሽ ነገር የሚቆጠር ከሆነ መኖር አይቻልም። ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ፣ ታክሲ ስሳፈር፣ ለለማኝ ሳልሰጥ ሳልፍ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ወንጀለኛ ነኝ ማለት ነው። ደግሞስ ከዓለም ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ ከአንድ በመቶ በጣም በታች ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖር የአዲስ አበባ ልጅ የባህር ከፍታ ምኑ ነው? ጥፋቱን ያጠፉት ሌሎች ሆነው እኛን ጥፋተኛ ማድረግ በደል አይሆንም?

ይሆናል። ግን ከጨው የተማርኩት ይሄንኑ ነው። ከ1,000 ሚሊ ሊትር 25 ተረፈ ሲባል፣ 1,000 ተረፈ ማለት አይደለም። ምንም አልተረፈም ማለትም አይደለም። 25 ነው። ሁለት ዓይነት ውሸት አለ፦ አንዱ «እኔ ምንም አላደረግኩም»፣ ሌላው «ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው»። የመጀመሪያው ከኃላፊነት ያስመልጣል። ሁለተኛው ትሕትና ይመስላል እንጂ እሱም ያስመልጣል፤ ሁሉንም ተሸከምኩ ያለ ሰው ከክብደቱ የተነሳ አንዱንም አያነሳም። ለጓደኛዬ ሞት ጥፋተኛ አይደለሁም። የሁለት መቶ ብርና የአንድ ስም ባለዕዳ ግን ነኝ። ትልቁን የበከለም ትልቁን ይክፈል፤ የእኛ ድርሻ ማነሱ የእሱን አይቀንስለትም፣ የእሱ መብዛትም የእኛን ትንሿን አይሰርዛትም።

ባህሩም ከእኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከተራራ ላይ ሆነን እንኳን ቁመታችንን የምንለካው ከሱ ተነስተን ነው። የአፋሩ ደናክል ከባህር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ በጥንት ዘመን ቀይ ባህር ገብቶበት ነበር፣ ውሃው ተንኖ ጨው ትቶ ሄደ። አያቶቻችን አሞሌ ብለው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው ከዚያው የመጣ ነው። ዛሬም ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚመጣው። «ባህር ምን አገባኝ» የሚል ሰው ወጥ ቤቱን ገብቶ ይመልከት።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይላሉ የአገሬ ሰዎች። ልጅ ሆኜ ይሄ ተረት ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጨው እንዲያጣፍጥ እንጂ ወጡን ለብቻው እንዲሠራ ማንም አልጠየቀውም። የሚጠየቀው በልኩ ነው።

ባለፈው ወር ያ ግሩፕ እንደገና ነቃ። የባቻችን ልጅ አባት ታመዋል። የሚፈለገው ገንዘብ እንደገና የሚያስደነግጥ ነው። አሁን ሥራ አለኝ፤ ቢሆንም ኑሮው ታውቁታላችሁ፣ የወሩ መጨረሻ ነበር። ሁለት መቶ ብር ላክሁ። የዛሬ ሁለት መቶ ብር ከዚያን ጊዜው በጣም እንደሚያንስ አውቃለሁ። ስሜንም ጻፍኩ። ከእኔ ቀጥሎ ከአራት ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ ሃምሳ ብር ላከ፤ ከሥሩ «ትንሽ ናት፣ ይቅርታ» ብሎ ጽፎበታል።

ይቅርታ አያስፈልገውም ብዬ መለስኩለት። ሃምሳ ብር ሃምሳ ብር ናት።